ልጄን ከፈረስ ሜዳ ላመጣ ወደ ኬንታኪ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ክላርክስተን

ገና አልነጋም። የጋሽ ሽፈራው ቶዮታ ከአፓርታማችን ደረጃ ሥር ሞተሩ እየሠራ ቆሟል። በሩን ቆልፌ ወረድኩና ምድጃውን ማጥፋቴን ለማየት ተመልሼ ወጣሁ። ወረድኩ። የቧንቧው ነገር ከነከነኝና ደግሞ ወጣሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ስወርድ ጋሽ ሽፈራው መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ «የሺ፣ ቤቱንም ጠቅልለሽ ይዘሽው ነይና እንገላገል» አሉኝ። አልሳቅኩም። የምስቅበት ቀን አይደለም።

ቦርሳዬ ውስጥ ስድስት የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ፣ አራት ጠርሙስ ውኃ፣ የደም ግፊት ኪኒኔ፣ የፌቨን ሹራብና ከኮሌጁ በፖስታ የመጣ ወረቀት አለ። ፌቨን ልጄ ናት፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ነርሲንግ ልትጨርስ የቀራት አንድ ሴሜስተር ነው፤ የመመዝገቢያው የመጨረሻ ቀን ደግሞ ከነገ ወዲያ ሰኞ። ትናንት ከሥራ ስገባ ቤት የለችም። በስልኬ የጻፈችልኝ ይህ ብቻ ነው፦ «እማዬ፣ ኬንታኪ ፈረስ ሜዳ ሄጃለሁ። ይህን ሴሜስተር አልመዘገብም። ስመጣ እናወራለን።»

እስክትመጣ ቁጭ ብዬ የምጠብቅ ሰው አይደለሁም። ግን ሃይዌይ ላይ አልነዳም። የምነዳው ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤተ ክርስቲያን፣ በውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ያውም ዝናብ ካልዘነበ ነው። ጋሽ ሽፈራው ኤርፖርት ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ናቸው። ማታ በራቸውን አንኳኩቼ ነገሩን ነገርኳቸው፤ ነዳጅ ከቻልሽ እኔ አለሁ አሉኝ።

አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ዳልተን አካባቢ

መንገዱ ጭር ያለ ነው። በግራም በቀኝም የምንጣፍ ፋብሪካ፣ የምንጣፍ ማስታወቂያ፣ ደግሞ የምንጣፍ መጋዘን። ጋሽ ሽፈራው በቀኝ መስመር እንዲነዱ ስለጠየቅኳቸው ትራክ ሁሉ እየጮኸብን ያልፋል። ለመሆኑ ልጅቷ ፈረስ የጀመረችው መቼ ነው ብለው ጠየቁኝ። ያን ጊዜ የደበቅኩትን ውርደት አወጣሁት። ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ከሰው ከምትሰሙት ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል።

ከገና ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ፌቨን በር ዘግታ ትቀመጣለች። ወረቀት፣ እስክሪብቶ፣ ኮምፒውተር። አንድ ቀን ምን እየሠራሽ ነው አልኳት። «ሃንዲካፕ እያደረግኩ ነው» አለችኝ። እኔ የማውቀው ሃንዲካፕ አንድ ነው፦ በየሱቁ በር ላይ በሰማያዊ የተቀባው፣ የተሽከርካሪ ወንበር ሥዕል ያለበት ማቆሚያ። በማጸዳበት የአረጋውያን መጦሪያም ሃንዲካፕ ማለት ሰፋ ያለው፣ ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት ያለው ሽንት ቤት ነው። እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ሌላ ሃንዲካፕ ከየት አመጣለሁ? ልጄ የዕረፍት ቀኗን ለአካል ጉዳተኞች የሰጠች መሰለኝ።

ዝም ብል ጥሩ ነበር። አላልኩም። እሁድ በጉባኤው ፊት ተነሥቼ መሰከርኩ። ጌታ ልጄን ለደካሞች የምትራራ አደረገልኝ አልኩ። ጉባኤው አሜን አለ። እናቶች አቅፈውኝ አለቀሱ። ከዚያ አንዷ እህት አባቷን ስትሮክ ጥሎባት ስለነበር፣ ፌቨን መጥታ ታይልኛለች ወይ ብላ ለመነችኝ። ቤት ገብቼ ለፌቨን ነገርኳት። እስኪያንቃት ሳቀች።

«እማዬ፣ ኦ ማይ ጋድ። ሃንዲካፕ እኮ ፈረስ ነው። የትኛው ፈረስ እንደሚያሸንፍ አጥንቶ ማወቅ ነው።»

«እስካሁን ያልነገርሽኝ ለምንድነው?»

«ደስ ብሎሽ ነበራ።»

ጋሽ ሽፈራው ይህን ሲሰሙ መሪውን በመዳፋቸው እየመቱ ሳቁ። መሪውን በሁለት እጃቸው እንዲይዙ ነገርኳቸው። ይህ ሁሉ ሰው የሚስቅበት ነገር እኔን እንደ እሳት ነው የሚያቃጥለኝ። በልጄ ቁማር ስም ጉባኤ ሙሉ ሰው አሜን አሰኝቻለሁ።

አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቻታኑጋ

ነዳጅ አርባ አንድ ዶላር። ጋሽ ሽፈራው ቡና ገዙ፣ ሦስት ዶላር፤ እንደ እግር እጣቢ ነው ብለው እስከ መጨረሻው ጠጡት። እንቁላል ሰጠኋቸው፤ ጨው ረስቼ ነበርና ለዚያም ተናደድኩ።

ከቻታኑጋ በኋላ ተራራ አለ። ትራኮቹ እንደ ጉንዳን ተከታትለው ይወጣሉ። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ፍሬን የተበጠሰበት ትራክ የሚገባበት የጠጠር መንገድ ተሠርቷል። ለአደጋ ያን ያህል ተዘጋጅተው እንዲህ የሚፈጥኑበት ምክንያት አይገባኝም። ተራራው ላይ ሳለን ስልኬ በራሱ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ሄደ። የሰዓት ክልል ተለውጦ ነው። ጋሽ ሽፈራው፣ አንድ ሰዓት በነጻ አገኘን አሉ። ይህ አገር እስካሁን በነጻ የሰጠኝ ነገር ትዝ አይለኝም፤ ይቺንም ሲመለሱ ይወስዷታል።

በነሱ ሰዓት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ፣ ፈረስ ሜዳው

ናሽቪልን አልፈን፣ የኬንታኪን ድንበር ተሻግረን ብዙም ሳንርቅ ደረስን። መኪና ማቆሚያው ሳር ነው፤ ሃያ ዶላር። ሙቀቱ ከመሬት ይነሣል። ነጭ ድንኳን፣ ነጭ አጥር፣ ከዚያ ወዲያ ዓይን የማይጨርሰው አረንጓዴ ሜዳ። ሴቶቹ ባርኔጣቸው ላይ የአበባ ማሰሮ የገለበጡ ይመስላሉ። የተጠበሰ ድንች አሥራ አንድ ዶላር። ሎሚ በውኃ ዘጠኝ ዶላር። ሕፃን ያቀፈች እናት መወራረጃው መስኮት ፊት ተሰልፋለች፤ ሕፃኑ አናቱ ላይ ባርኔጣ የለውም። ነገርኳት። ፈገግ ብላኝ ዞረች።

ፌቨንን ያገኘኋት ከድንኳን ጥላ ሥር፣ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግታ ነው። ቀና ስትል ፊቷ ተለዋወጠ።

«እማዬ? ዋት? እንዴት መጣሽ?»

«በጋሽ ሽፈራው መኪና።»

«ኖ፣ ማለቴ... ለምን መጣሽ?»

ሹራቧን አውጥቼ ሰጠኋት። ዘጠና ሁለት ዲግሪ ነው እኮ አለችኝ። ማታ ይበርዳል አልኳት። ከዚያ የኮሌጁን ወረቀት በወረቀቶቿ ላይ አስቀመጥኩት። አላነሣችውም።

የተባባልነውን ሁሉ አልጽፍም። እሷ ቁማር አይደለም፣ ሒሳብ ነው ትላለች። ወረቀቱን አሳየችኝ። እያንዳንዱ መስመር አንድ ውድድር ነው፦ ፈረሱ መቼ ሮጠ፣ በምን ዓይነት መሬት፣ ስንተኛ ወጣ፣ ምን ያህል ተሸከመ። ጠንካራው ፈረስ ከደካማው ጋር እኩል እንዲሆን ከኮርቻው ሥር ክብደት ይጨመርበታል፤ ሃንዲካፕ የሚባለው ከዚያ የመጣ ነው አለችኝ። ለሠራ ሥራ መጨመር ከሆነ ሥራ ቦታዬ መጥተሽ ማየት ትችዪ ነበር አልኳት። ምርጫዋን በስልክ የምትልክላቸው፣ በወር የሚከፍሏት ሰዎች አሏት። ይህን ስትናገር ድምፅዋ ውስጥ ኩራት ነበረበት፤ ኩራቱ ነው የባሰ ያናደደኝ።

ነርሲንጉ ምን በደለሽ አልኳት። መጀመሪያ ትከሻዋን ነቀነቀች። ቆይታ ግን እንዲህ አለችኝ፦

«ሆስፒታል ክሊኒካል ላይ ስሆን ስህተት እንዳልሠራ እየፈራሁ ነው የምውለው። መድኃኒቱን ሦስቴ፣ አራቴ አያለሁ። ቤት ገብቼም አልተኛም። ይህንን ፍርሃት ከማን እንዳመጣሁት ታውቂያለሽ።»

ጋሽ ሽፈራው ድንች ልግዛ ብለው ተነሥተው ሄዱ።

 መልስ ሳጣ እጮኻለሁ። ሰው ዞሮ እስኪያየን ጮኽኩ። ሰባት ዓመት የሰው ሽንት ቤት ያጸዳሁት ፈረስ እንድትቆጥሪ አይደለም አልኩ። እሷ እስክሪብቶዋን ክዳኑን ስትከፍት ስትዘጋ ቆይታ፣ «ኦኬ፣ ነይ ፈረሶቹን እዪያቸው። ከዚያ ስደቢኝ» አለችኝ።

ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ፈረሶቹ የሚታዩበት አጥር

ከውድድሩ በፊት ፈረሶቹን በልጓም እየሳቡ አጥር ውስጥ ያዞሯቸዋል፤ ሰው ዙሪያውን ቆሞ ያያል። በአንድ ጥግ የፈረሶቹ ሐኪም እጁን አጣምሮ ቆሟል። ፌቨን የሚቀጥለውን ውድድር ሰባት ቁጥር አሳየችኝ። ዳማ ባዝራ ናት፤ ቆዳዋ እንደ ተወለወለ ዕቃ ያበራል። የዛሬዋ ምርጤ ናት፣ ማንም አይደርስባትም፣ ትናንት ማታ ለሁሉም ልኬላቸዋለሁ አለችኝ። እሷ የምታየው ወረቀቷን ነው። እኔ ባዝራዋን አየኋት።

አባቴ ሞጆ ውስጥ ባለ ጋሪ ነበር። በየጠዋቱ ጋሪውን ከመጫኑ በፊት ፈረሱን ወዲያና ወዲህ ያስኬደውና እኔን መንገድ ዳር አቁሞ፣ ራሱን እዪ ይለኛል። የፊት እግሩን የታመመ ፈረስ፣ ያ እግር መሬት በነካ ቁጥር ራሱን ወደ ላይ ይወረውራል። ትንሽ ነው፤ ያለመደ ዓይን አያየውም። አንድ ክረምት ፈረሳችን ታመመና እሱን ሳስታምም ከትምህርት ቤት ቀረሁ። ዳግመኛ አልተመለስኩም።

ሰባት ቁጥር የግራ የፊት እግሯን ባሳረፈች ቁጥር ራሷን ትወረውር ነበር። አንድ ዙር አየኋት። ሁለተኛውን ዙር ደግሞ አየሁ። ሲያቆሟት ያን እግር ወደ ፊት አስቀድማ አሳረፈችው። ታማለች።

አፌን ልከፍት ነበር። ከዚያ ሰኞ ትዝ አለኝ።

«ይቺ ባዝራ ካሸነፈች» አልኩ፣ «ሁለተኛ ስለ ትምህርት አንድ ቃል አላነሣብሽም። ካላሸነፈች ግን ሰኞ ሳይሆን ዛሬ ማታ ትመዘገቢያለሽ።»

ፌቨን አፏን ከፍታ አየችኝ። «እማዬ፣ አንቺ? ልትወራረጂ?»

«እማዬ ትሙት በይ።»

መሐላ ከቤታችን ካስወጣሁ ስንት ጊዜዬ ነው። ሳቀች። ማሸነፏን እርግጠኛ ስለነበረች ደስ አላት፤ እጄን ያዘችኝ። «እማዬ ትሙት» አለች።

ጋሽ ሽፈራው ድንቻቸውን ይዘው ደርሰው ኖሮ ሰምተዋል። እሳቸውም ሰባት ቁጥር ላይ ሃያ ዶላር ሊያስይዙ ፈለጉ። ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ አንቺ የባለ ጋሪ ልጅ አይደለሽም እንዴ፣ እስቲ ምን ይታይሻል አሉኝ።

«እኔ ምን አውቄ» አልኳቸው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስለሌላው ስንት ነገር ተቆጥቻለሁ። ይህችን ቃል ስጽፍ ግን ቁጣው ወዴት እንደሚዞር አውቃለሁ።

ሰባት ሰዓት ሊሆን አሥር ጉዳይ

ጋላቢዎቹ ወጡ። ሰባት ቁጥር ላይ የተቀመጠው ከአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የማይበልጥ የሚመስል ትንሽ ሰው ነው፤ ቢጫ ለብሷል። ቁመናቸው አነስ ያለ ነው እንጂ አዋቂዎች ናቸው ብላኛለች ፌቨን። ቢሆንም የአንዲት እናት ልጅ ነው። አጠገባችን ሲያልፍ በአጥሩ ላይ ለቆሙት ሕፃናት እጁን አነሣ። ሐኪሙ ከእኔ አሥር እርምጃ ቢርቅ ነው። እንግሊዝኛዬ ትንሽ ነው፤ ግን እግር ማለት እችላለሁ። ሕመም ማለት እችላለሁ። ሥራ ቦታ ቀኑን ሙሉ የምለው እሱን ነው።

አላልኩም።

የመነሻው በር ተከፈተ፤ ወጡ። መሬቱ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ሰባት ቁጥር ሦስተኛ ነበረች፣ ከዚያ ሁለተኛ፣ ከዚያ መጠምዘዣው ላይ ቀደመች። ፌቨን ክንዴን ጨምድዳ ይዛ ነይ፣ ነይ ትላለች። ጋሽ ሽፈራው በአማርኛ ፈረሷን ይለምናሉ። እኔ በዚያች ደቂቃ እንድትሸነፍ እየጸለይኩ ነበር። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ቃል አውጥቼ ነው የጸለይኩት።

የግራ እግሯ ከዳት። ሌላ አባባል የለውም። አፍንጫዋ ሳሩን መታ፤ ቢጫው ሰው ከአናቷ በላይ ሄደ። ከኋላ የነበሩት ፈረሶች ግራና ቀኝ ተሰነጠቁ፤ አንዱ በላዩ የዘለለ መሰለኝና ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍት ባዝራዋ በሦስት እግሯ ቆማለች።  ሦስት ሰዎች አረንጓዴ መጋረጃ ይዘው ሮጡና ዙሪያዋን ጋረዱ። ሞጆ እግሩ የተሰበረ ፈረስ ሲገደል መጋረጃ አልነበረም፤ ከመጋረጃው በስተጀርባ የሚሆነው ግን ያው ነው።

ጋላቢውን በቃሬዛ አነሡት። እጁ ተንቀሳቀሰ። ቆይቶ በድምፅ ማጉያው፣ ነቅቷል፣ ትከሻው ተሰብሮ ይሆናል፣ ሆስፒታል ወስደነዋል አሉ። ስለ ባዝራዋ አንድም ቃል አልተናገሩም። ቀጣዩ ውድድር በሃያ አምስት ደቂቃ ውስጥ ነው አሉ። ሰዉ ወደ መስኮቶቹ ተመልሶ ተሰለፈ። የማውቀውን ስድብ ሁሉ በልቤ ሰደብኳቸው፤ ከራሴ ግን ማራቅ አልቻልኩም።

ፌቨን ታለቅሳለች። ጋሽ ሽፈራው ሊያጽናኗት ፈልገው ነው፤ አይዞሽ ልጄ፣ የሰው ዓይን አያየውም፣ ይኸው እናትሽ ከፈረስ ጋር ያደገችው እንኳ አላወቀችም አሏት።

ፌቨን ዓይኗን ጠረገችና አየችኝ። የአያቷን ጋሪና የፈረሱን ራስ እኔው ነኝ በልጅነቷ ያወራሁላት።

«አይተሽ ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። ደከመኝ። «አዎ» አልኳት።

«አጥሩ ጋ ሳለን?»

«አዎ።»

«ሐኪሙ እዚያው ቆሞ ነበር። አንድ ቃል ብትናገሪ ያስወጧት ነበር። ሰውየው ይወርድ ነበር።»

«የእኔን ቃል ማን ይሰማል፣ ፌቨን? አንዲት ጽዳት ሠራተኛ...»

«እኔ» አለች። «እኔ እሰማሽ ነበር።»

ወረቀቶቿን ሰበሰበች። የኮሌጁንም አነሣች። እንዳትራቢ እንቁላሉን ይዘሽ ሂጂ ልላት ቦርሳዬን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። በራሷ መኪና ብቻዋን ሄደች። በአንድ መኪና እንሂድ ብዬ አልለመንኳትም፤ በምን አፌ?

ሲመለሱ

ያው ተራራ፣ ያው ትራክ፣ ያው ጠጠር። አንድ ሰዓታችንን መልሰው ወሰዱ። ጋሽ ሽፈራው ሬዲዮ ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ሃያ ዶላራቸውን ልከፍላቸው ከቦርሳዬ ሳወጣ እጄን መለሱት። ቻታኑጋን ካለፍን በኋላ ነው የተናገሩት። ለልጅሽ ብለሽ ነው፣ ይገባኛል አሉኝ። እኔም ለልጄ ብዬ ነው እያልኩ ነበር የመጣሁት፤ ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው ግን እዚያ ድንኳን ሥር እንደሸጡልን ሎሚ፣ ውኃ ብቻ ሆነብኝ።

እናቶች ይህን ስታነቡ ልክ አድርገሻል የምትሉኝ አላችሁ። ልጅን ለማዳን ያልዋሸ ማን አለ ትሉኛላችሁ። እኔም ለሌላ ሴት እንደዚያ እል ነበር። ግን ያ ቢጫ የለበሰ ሰው እናት ካለችው፣ ስልክ ተደውሎላት በየትኛው ሆስፒታል ነው እያለች ነበር፤ እኔ በዚያች ሰዓት ማሸነፌን አውቄ መኪና ውስጥ ተቀምጫለሁ። የሚያናድደኝ ይህ ነው። ቁማርን ስጠላ ኖሬ፣ አንድ ቀን ብጫወት የሰው ልጅ አስይዤ ተጫወትኩ። አሸነፍኩም።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ክላርክስተን

ገና ብርሃን ነው። የፌቨን መኪና ከደረጃው ሥር ቆሟል። ጋሽ ሽፈራው ቦርሳዬን እስከ በር አድርሰውልኝ ደህና እደሪ ብለው ወረዱ።

ቤቱ በርቷል። ወጥ ሞቋል። ፌቨን ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሯን ከፍታ ተቀምጣለች። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው፦ ስሟ፣ የአምስት ትምህርት ስም፣ ከጎናቸው አረንጓዴ ምልክት። ያን ምልክት ለማየት ደርሶ መልስ ስድስት መቶ ማይል ያህል መጓዜ ነው። የወንበሩን መደገፊያ ያዝኩ።

ኮምፒውተሩን ዘጋችና ተነሣች።

«ተመዝግቤያለሁ» አለች። «እራት ምድጃው ላይ አለ። ይብሉ።»

ዞር ብዬ ወደ በሩ አየሁ፤ ጋሽ ሽፈራው ተከትለውኝ የገቡ መስሎኝ ነበር። በሩ ላይ ማንም የለም።